ታማለች እያልሽ የጠበቅሽኝ

እማዬ፣ የኔ ወርቅ፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። ጥቁሩን ገና አላወለቅሁም። አንቺ ያለሽበት ሰላም እንደሆነ አምናለሁ፤ ሰላም ያጣሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነው። ድምፅ ባሰማ ቁጥር ብዕሬን ጥዬ አነሳዋለሁ።

ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። አልጋሽን ወደ ጓዳ አስገብቼ በቦታው የሥራ ጠረጴዛዬን አድርጌአለሁ። ኔትወርኩ እዚያ ጥግ ትንሽ ይሻላል። ትቆጪኝ ይሆናል፣ ግን ምን ላድርግ።

ጭንቀቴ የቪዛ ነው። የአገሩን ስም ለአንቺም ቢሆን ገና አልነግርሽም፤ ነገር ሳያልቅ አፍሽን አትክፈቺ ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ደሴት ናት፣ ለጊዜው ይህ ይበቃሻል። ለሌላ አገር ድርጅት በኢንተርኔት የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ይዘው መጥተው አንድ ዓመት እንዲቀመጡ ትፈቅዳለች። እዚያ ሄጄ ቅጠሩኝ አልልም፤ የያዝኩትን ሥራ ይዤ ነው የምገባው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የሆቴል እንግዶች በስልክ ሲያማርሩ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን በር ላይ ቆመሽ ስታዳምጪኝ ቆየሽና፣ ምን አጥፍተሽ ነው ቀኑን ሙሉ ሶሪ ሶሪ የምትይው ብለሽ ተቆጣሽኝ። ይኸው አሁንም ሶሪ እያልኩ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ መስመር ሲቋረጥ እንግዳው ንግግሩን ሳይጨርስ ይቀርብኛል። ባለፈው ወር አለቃዬ አንድ ጊዜ ከደገመሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለችኝ። ከዚህ ሌላ እንጀራ የለኝም እማዬ። ቪዛውን የጠየቅሁት ለዚህ ነው።

ማመልከቻው ላይ ዘመድ ያልሆነ፣ እዚህ መኖሬንና መሥራቴን የሚያውቅ ሰው ስልክ ስጪ ይላል። ግድግዳ ከምንጋራቸው ከእማማ ዘሃራ ሌላ ማን አለኝ? የእሳቸውን ሰጠሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም፤ ነገሩ አላለቀማ!

ማመልከቻውን የሚያጣራው ቢሮ ከአዲስ አበባ ደወለላቸው። ልጅቷ ሥራ አላት ወይ ሲሏቸው እማማ ዘሃራ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሥራ? ወላሂ ሥራ የላትም። በሽተኛ ናት፣ ራሷን ያማታል፣ ቤት ዘግታ ነው የምትውለው።"

በማግስቱ ኢሜይል መጣ። ያቀረብሽው ማስረጃና የጎረቤትሽ ቃል አይገናኝም፣ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ማመልከቻው ይዘጋል ይላል። የግራ ጫማዬን በቀኝ አድርጌ እሳቸው ዘንድ ሮጥኩ። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም። "እናትሽ ናታ እንዲህ በይ ያለችኝ" አሉ።

ያኔ ገባኝ። ልጆች ደጃችን ላይ ኳስ እየመቱ ሲንጫጩ ትወጪና "ልጄ ታማለች፣ ራሷን ይዟታል፣ እባካችሁ" ትያቸው ነበር። ፈረንጅ እያናገረች ነው አትይም፤ ዓይን ትፈሪያለሽ። ሠፈሩ ጸጥ ይላል፣ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ለበሽተኛዋ ተብሎ የሚመጣውን ሎሚና ዝንጅብል በሻይ እየጠጣን ስንት ጊዜ ስቀናል! እውነቱን ለእማማ ዘሃራ ብቻ ነግረሻቸው ኖሯል። ልትሞቺ ሰሞንም እጃቸውን ይዘሽ፣ እኔ ባልኖርም ማንም ቢጠይቅሽ ታማለች በይ፣ ልጄን ከዓይን ጠብቂልኝ ብለሻቸዋል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድኩብሽ። ከሞትሽም በኋላ በሩን ዘጋሽብኝ ብዬ አለቀስኩ።

ደውለው እንዲያስተካክሉልኝ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እንቢ አሉ። "አማና ነው። የሞተ ሰው አደራ በስልክ አይፈርስም" አሉ። ረቡዕ ለመንኳቸው፣ ሐሙስ ለመንኳቸው፤ ወይ ፍንክች። ዓርብ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ሳለ ሻሻቸውን አስረው መጡና "ወደ ወርቄ ውሰጂኝ" አሉኝ።

ከኤረር በር ባጃጅ ይዘን አንቺ ዘንድ መጣን። መቼም አይተሻል። መቃብርሽ ራስጌ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ቀጥለው እኔን ከነመኖሬ ረስተው አንቺን ማናገር ያዙ። "ወርቄ፣ አማናሽን አልበላሁም። ልጅሽ ግን እዚህ ከቀረች እውነትም ትታመማለች። ልናገር ነው፣ አፉ በይኝ።" ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡሽ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ቢሮው ለምሳ ሊወጣ ነው። በመጨረሻ "እሺ ብላለች" አሉና ስልኩን ተቀበሉኝ።

መስመሩ ተቋረጠ። ደግመን ደወልን፣ ተይዟል አለ። ብቻ እግዜር ይስጣት አንዲት ሴት አነሳች። "የዚያን ቀን ዋሽቻለሁ" አሏት እማማ ዘሃራ። "ልጅቷ ጤነኛ ናት። ከጠዋት እስከ መግሪብ በእንግሊዝኛ ስትሠራ በግድግዳው እሰማታለሁ። እንዲህ በይ ያለችኝ እናቷ ናት። ይኸው አጠገቤ ናት፣ አሁን ፈቅዳልኛለች።"

ሴትዮዋ እስቲ እናትየዋን አቅርቡልኝ ስትል ተሰማኝ።

እማማ ዘሃራ እኔን አዩኝ፣ መቃብርሽን አዩ። ስልኩን ወስጄ እናቴ ሞታለች፣ የቆምነው መቃብሯ ላይ ነው አልኩ። ሴትዮዋ ነፍስ ይማር አለችኝና ዘጋችው። ተስተካክሏል አላለችም፣ አልተስተካከለምም አላለችም። ይኸው ዛሬ ሰኞ ነው፣ ስልኩን እያየሁ እጽፍልሻለሁ።

ረቡዕ ነው፤ የጀመርኩትን ልጨርስልሽ። ቪዛው መጣ፣ እማዬ!

ለእማማ ዘሃራ እንደነገርኳቸው ቤት ለቤት ዞረው ልጅቷ ታማ አታውቅም ብለው አወጁ። ማንም አላመናቸውም። ሠፈሩ ሁሉ እንኳን ማረሽ እያለ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ኳስ የሚመቱት ልጆች ሳይቀሩ በሬ ላይ ተሰልፈው ተሻለሽ ወይ አሉኝ። ተሽሎኛል አልኳቸው። ከዚያ በሩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከመሄዴ በፊት አንቺ ዘንድ እመጣለሁ፤ የደሴቲቱን ስም ጮክ ብዬ ነው የምነግርሽ፣ የሰማ ይስማ። እዚያ መስመሩ አይቆራረጥም አሉ። ልጅም ደጅ ላይ አይጮህ ይሆናል። ግን ደጁ ላይ ቆሞ ስለ እኔ የሚዋሽልኝ ሰው አይኖርም። አልረሳሽም፣ እማዬ። እዚያም በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በሩን ከፍቼ ደጁን አያለሁ።

ልጅሽ