ሸክላ ቀድማኝ የምትገዛው ሴትዮ

ለምወድሽና ዘወትር ለምትናፍቂኝ እህቴ ለሔርሜላ ያዕቆብ፣
ጁባ

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዋጥ አድርገሽው ነው ከሆቴሉ ወጥ ቤት የምትውይው? ባለቤትሽስ፣ ቢያዝን፣ ደህና ነው? እኛ እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ብርዱ ግን ዘንድሮ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ጁባ ለአንድ ሳምንት ሙቀቷን ብታውሰን አንጠላም ነበር።

እማዬ ከእንቅርቱ ኦፕራሲዮን በኋላ ቁስሏ ድኗል፤ ትበላለች፣ ትወጣለች ትገባለች። ድምጿ ግን እንደ ሻከረ ቀረ። ሐኪሙም ከዚህ በላይ አይመለስም ብሏል። ከኳየር ወጥታ አሁን ከሕዝቡ ጋር ተቀምጣ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። እኛም ሰነፎቹ ደህና ሳለች ድምጿን ለብቻው አልቀረጽነውም፤ በስልክ ያለን ሁሉ ከሠላሳ ሰው ጋር የተቀላቀለ ነው። ይህ ይቆጨኛል።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰማሁት ሦስት ቀኔ ነው፤ እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ትናንት የሰው ሬዲዮ ፈትቼ ብሎኖቹን የት እንዳደረግኋቸው ጠፋኝ። በስልክ ልነግርሽ ደውዬም እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ስለ ብርዱ አውርተን ዘጋን።

የድሮ ዘፈን ሸክላ እንደምሰበስብ ታውቂያለሽ። “ዓለማዊ ዘፈን ቤቴ አይገባም” የምትል እናት ስላለችን የማስቀምጠው ከጥገና ሱቄ ኮርኒስ ላይ ነው። ትናንሾቹን፣ በየፊታቸው አንዳንድ ዘፈን ያለባቸውን ነው የምወደው። የታወቁትን ማንም ይሰበስባል፤ እኔ የምሻው አንድ ሸክላ አውጥተው ደብዛቸው የጠፋውን ነው። ከእነሱም ውስጥ “ሙና” የምትባል የደሴ ልጅ በ1961 ዓ.ም. ያወጣችውን ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈለግሁ። እዚህ ደሴ አለ ወደ ተባለበት ቤት ስሄድ “አንዲት ሴትዮ ቀድማህ ወሰደችው” ይሉኛል። ቢስቲማ ወረድኩ፤ እዚያም ቀድማኛለች። ኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ያው ናት። ከአዲስ አበባ የምትመጣ ነጋዴ መስላኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ረግሜያታለሁ። እግርሽ ይሰበር ብያታለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ኮምቦልቻ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ቤት ሄድኩ። ሐጂ ድሮ ሸክላ እያጫወቱ ሻይ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ሐጅ ካደረጉ ወዲህ ዘፈን አይነኩም፤ ሸክላዎቹን ግን የሟች ባለቤታቸው የጣይባ ናቸው ብለው በሣጥን አስቀምጠዋቸዋል። ስለ ሣጥኑ የሰማሁት አምና ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ዘንድሮ ደረስኩ። የሙናን ስጠይቃቸው ሳቁ። “አንተ ልጅ፣ ሁለት ነበሩኝ። አንዱን ባለ ነጠላ አሮጊት አምና መጥታ፣ ልጄ ይሰበስባል፣ ለልጄ ነው ብትለኝ ጊዜ መጨከን አቃተኝ። ይቺ የጣይባ ናት፣ ወላሂ አልሸጣትም። ስማትና ሂድ” አሉኝ።

ይዣት በሄድኩት በትንሿ ማጫወቻዬ ላይ መርፌዋን አሳረፍኩ። ሳክስፎኑ መግቢያውን ሳይጨርስ ዘፋኟ ገባች፤ ከኋላ ሲሯሯጥላት ይሰማል። ሔርሚ፣ እማዬ በኳየር ከኦርጋኑ ቀድማ ስትገባ ስንት እሑድ ስቀንባታል? ያችው ናት። ድምጿ ወጣት ነው እንጂ ራሷ ናት። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። “እናቴ ናት” አልኳቸው። ሐጂ አንዴ ሸክላዋን አንዴ እኔን አዩና “ልጄ ይሰበስባል ያለችኝ አሮጊቷስ?” አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ነገር የገባኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትቀድመኝ የኖረችው፣ እግርሽ ይሰበር ያልኳት ሴትዮ፣ የገዛ እናቴ ናት። እኔ እራት ላይ ለባለቤቴ ለሊዲ “እገሌ ቤት ሸክላ አለ አሉኝ” ብዬ በሹክሹክታ ሳወራ ትሰማለች፤ በማግሥቱ የጸሎት ፕሮግራም አለብኝ ብላ በጠዋት ሚኒባስ ትሳፈራለች። ቢስቲማ ምን ዓይነት የጸሎት ፕሮግራም እንደሚኖራት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ሐጂ ሸክላዋን በጋዜጣ ጠቅልለው “አብሽር፣ ሐቁ የናንተ ነው” ብለው ሰጡኝ። ዋጋዋን ብጠይቅ ተቆጡኝ።

ቤት ገብቼ ፊቷ አስቀመጥኳት። እማዬ ልክድ አላለችም። ሌሎቹን ሰብራ ሽንት ቤት ጉድጓድ እንደከተተቻቸው ነገረችኝ። ጌታን በተቀበለች ጊዜ ሸክላዎቿን በጉባኤ ፊት እንዳቃጠለች ስትመሰክር ሰምተን ነው ያደግነው፤ የራሷ ድምፅ እንደነበረባቸው፣ ሙናም የመድረክ ስሟ እንደነበረ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እኔም ኃጢአቱ ከብዷት መስሎኝ “ጌታ እኮ ይቅር ብሎሻል” አልኳት። በዚያ በሻከረ ድምጿ ምን አለችኝ መሰለሽ? “ኃጢአቱንማ ያኔውኑ ይቅር ብሎኛል። እኔን ያቃጠለኝ ቀድሜ መግባቴ ነው። ሙዚቀኞቹ በሙሉ ሳቁብኝ። እንድገመው ብላቸው ሰዓት የለም ብለው እንዲሁ አሳተሙት። ሸክላው ባለበት ቤት ሁሉ የሚሳቅብኝ ይመስለኛል።”

እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም። ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ ሔርሚ። በምስክርነቷ ስንቱ አልቅሷል፤ እኛ ደግሞ በየእሑዱ እንስቅባት ነበር። በልጅነት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና አልኩና አልሆነልኝም፤ አምናም ስቄባታለሁ።

ላጫውትልሽ ብላት እምቢ አለች። “የመጨረሻዋ ናት?” ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እኔ እስከማውቀው አዎን አልኳት። በጋዜጣዋ መልሳ ጠቀለለቻትና “ለሔርሜላ ላክላት። እዚያ የሚያውቀኝ የለም። አንድ ጊዜ ትስማትና ትስበራት” አለች። በስልክ እንዳልቀዳት ቃል አስገባችኝ። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ እንዴት እንደከበደኝ ጌታ ያውቃል።

እንግዲህ ሸክላዋ በሁለት ካርቶን መካከል ታስራ፣ ከትንሿ ማጫወቻዬ ጋር፣ ጁባ በሚመላለሰው በጎረቤታችን በሾፌሩ በወንድምአገኘሁ እጅ ትደርስሻለች። መርፌዋን ቀስ ብለሽ አሳርፊ። የእማዬ ድምፅ ለብቻው ያለው እዚያች ላይ ብቻ ነው። ስበሪ አልልሽም፣ አትስበሪ ለማለትም አፍ የለኝም፤ ስቄባታለሁና።

ቢያዝንን በጣም ሰላም በይልኝ፤ መንገድ ላይ ራሱን ይጠብቅ። ሊዲ አጥብቃ ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላት ቀሚስ ልኳ ሆኗል። እማዬ ሰላምታዋን በገዛ እጇ ልትጽፍልሽ ብዕሩን ተቀብላኝ ነበር። ግን መልሳ ሰጠችኝ፤ “ስትሰሚኝ አትሳቂብኝ በልልኝ” አለች።

ወንድምሽ ቃለሕይወት ያዕቆብ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.