የአባባ ማርና ነርሷ

ወረታ፣ ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አባባ ዛሬም ጉድ ሠሩኝ። ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከተነገራቸው ወዲህ ሻያቸውን በማር ነው የሚጠጡት። «ስኳር የፋብሪካ ነው፣ ማር የንብ ነው። ማር መድኃኒት ነው» ይላሉ። ብለምናቸው፣ ባለቅስ፣ አልሰሙኝም። ከሩዝ ማሳው ዳር ካሉት ቀፎዎቻቸው ራሳቸው የቆረጡት ስለሆነ ማሩን መንካት እሳቸውን መንካት ነው።

ለምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር ደብቀው ባጃጅ ላይ ወጡ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ጋቢያቸውን አጠበቁ።

የደማቸው ስኳር ጨምሮ ተገኘ። ነርሷ ማሩንም እንዲተዉ ስትነግራቸው ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጣሳ ማር አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት።

«መጀመሪያ ቅመሽው፤ ከዚያ ትፈርጃለሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነርሷ ግን አልሳቀችም። ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። «አባባ፣ እንዲህ ያለ ማር ቀምሼ አላውቅም። ለደምዎ ግን ያው ስኳር ነው።»

አባባ ጣሳውን እዚያው ትተውላት ወጡ። እስከ ቤት ድረስ ባጃጁ ላይ ፊታቸውን አዙረውብኝ ተቀመጡ። በቃ፣ አኩርፈዋል፤ ነገ ሌላ ጣሳ ይከፍታሉ ብዬ ተቃጠልኩ።

ቤት ስንደርስ ሻይ አሉኝ። ማር አልጠየቁም፤ እኔም አላቀረብኩም። አንዴ ፉት ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄማ ኮሶ ነው!»

ተስፋ ቆርጬ ብርጭቆውን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። እስከ አተላው ጨለጡትና አቀበሉኝ።

«ኮሶስ ቢሆን መድኃኒት አይደል? ድገሚኝ።»