የአባባ መኪና ቁጥር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከአባባ ዓይን በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እሱም ባያይም ጠዋት ጠዋት ጋራዥ ገብቶ ቀይዋ የስፖርት መኪናው ውስጥ ሳይቀመጥ አይውልም።

ሰኞ ዕለት አንድ ሰውዬ መጣ። ፋብሪካው ይህን ሞዴል ከማቆሙ በፊት የሠራቸውን የመጨረሻ ሃያ መኪኖች አገር ላገር እየዞረ የሚፈልግ ነው፤ መኪኖቹን ውድ የሚያደርጋቸው ቁጥራቸው ነው አለኝ። ኮፈኑ ሥር በብሎን ከታሰረው ብረት ላይ የተመታውን የኛን መኪና የሻንሲ ቁጥር በባትሪ አይቶ መዝገቡን ገለጠና፣ «ይሄ ቁጥር ያለበትን መኪና ባለፈው ወር አይቼዋለሁ፤ ቁጥሩን የያዙት ብሎኖች ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ» አለኝ። «የት?» ብዬ ብጠይቀው አንተ ያለህበትን ከተማ ጠራልኝ። የአጋጣሚ ነገር መቼም አያልቅ! «ተሳስተው ይሆናል» ብዬ ሸኘሁት።

ከሄደ በኋላ ጎንበስ ብዬ ቁጥሩ የተመታበትን ብረት አየሁት። አባባ በእጁ ያጠበቀው ብሎን ላይ ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ጠብ እንደሚያደርግ ታውቃለህ። የዚህ ብረት ብሎኖች ላይ ግን የለም። አምና መጥተህ «መኪናዋን ላጽዳለት» ብለህ ሁለት ቀን በር ዘግተህ ስትለፋ ትዝ አለኝ። ቀለሙንም ጭምር አጽድተኸው ይሆናላ!

ለአባባ ትንፍሽ አላልኩም። ትናንት ግን ኮፈኑን አስከፈተኝና ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳበሰ። ቁጥሩ ጋ ሲደርስ የደረቀችውን የቀለም ጠብታ በጣቱ ፈልጎ አጣት። ኮፈኑን ራሱ መልሶ ዘጋና፣ «ለወንድምሽ ጻፊለት። ቸግሮት እንደሆነ ጠይቂው» አለኝ።

ይኸው ጠየቅኩህ። የሁላችንም ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ።

ታናሽ እህትህ