የኦቦ ጉዮ የመንገድ ወሬ

ነገሌ፣ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ዛሬ ኦቦ ጉዮ ከዱብሉቅ መጡ። በጸጥታ ሹሙ ቢሮ አስተርጓሚ ሆኜ ከተቀጠርኩ ወዲህ ነገሌ ሲገቡ ሳያዩኝ አያልፉም። በእነሱ በከብት አርቢዎቹ ወግ መንገደኛ ያየውን ሁሉ ይናገራል፤ ማስቀረት ነውር ነው። ባለፈው ወር መንገድ ላይ ያገኟቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ነግረውኝ ነበር። እኔም እንደታዘዝኩት ስማቸውን ለጸጥታ ሹሙ ጽፌ ሰጠሁ። ከእነሱ ሁለቱ ታስረው እስካሁን አልተፈቱም።

«አካም፣ ናጋ?» ብዬ በቋንቋቸው ሰላም መሆናቸውን ጠየቅኳቸው።

«ናጋ ነው፣ ልጄ።»

ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጉድጓዱ ውሃ፣ ስለታመመችው ጥጃ ሳይቀር አወሩኝ።

«መንገድ ላይስ ማንን አገኙ?» አልኩ። ከልማድ ይሁን ለሪፖርቱ ብዬ፣ እኔም አላውቅም።

የሰጠኋቸውን ውሃ ጨርሰው ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ማንንም» አሉ።

ይኼን ሁሉ ቀን በእግር ተጉዘው፣ ማንንም! እኚህ ሽማግሌ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። መዋሸት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የተቆጣሁትም በራሴ ላይ ነው፤ በእሳቸው አይደለም።

እሳቸው ሲሄዱ ሪፖርቱ ላይ እንዳሉኝ ጻፍኩ፦ «ከዱብሉቅ እስከ ነገሌ ሰው የለም።»