ነጠላ ጫማዬን መልስላት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጅህስ የሚነቃነቀውን ጥርሷን አስነቀለች ወይስ እንደ አባቷ አፏን ይዛ ትሸሻለች? ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷ ብርዱን ቻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ቃል ድሮ ለወጉ ያህል ነበር የምጽፈው፤ ዘንድሮ ግን እውነቴን ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ እማዬ ዛሬም አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የክፍሌን መብራት አብርታ፣ ሰማያዊውን ነጠላ ጫማዬን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ እንደምትተው ጽፈህልኝ ነበር። ድሮ ከሥራ የምገባበት ሰዓት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ! እኔም ደሜ ፈልቶ «ዘንድሮም አልመጣም፤ ጫማውን አንሳባትና ይብቃሽ በላት» ብዬ መለስኩልህ። ያን ደብዳቤ ከላክሁ ወዲህ ሰላም የለኝም።

እንደምታውቀው እዚህ ሰው አገር የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ሰሞን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ እኛ «ወይዘሮ ቶሎ በሉ» የምንላት፣ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ ብላ መጣች። ላጽዳላት ብዬ ስጎረጉር በትንንሽ ፋይሎች የተሞላ ቦታ አገኘሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁት። በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መጥታ «ምን አደረግሽብኝ? ጭራሽ ባሰበት እኮ!» አለችኝ።

ዝምተኛው አለቃዬ አየና ሳቀ። «ያጠፋሽው ቆሻሻ አይደለም» አለኝ። ለካ ኮምፒውተሩ ሴትየዋ ጠዋት ጠዋት የትኞቹን ፕሮግራሞች እንደምትከፍት፣ እነሱም ለመነሳት ምን ምን እንደሚፈልጉ እያየ ማስታወሻ ይይዛል። እሷ ገና ኮቷን ስትሰቅል ከማከማቻው ዲስክ አውጥቶ ቅርቡ ሚሞሪ ላይ አሰናድቶ ይጠብቃታል፤ ስትነካው ወዲያው የሚከፈትላት ለዚህ ነው። ማታ ዘግታው ስትሄድም ሁሉን አይረሳም፤ ጠዋት ከዜሮ እንዳይጀምር የነበረበትን ጽፎ አስቀምጦ ነው የሚያሸልበው። ማስታወሻው ከጠፋበት ግን ሴትየዋን እንደ አዲስ መልመድ አለበት። እማዬ ሦስት ጊዜ ካልጠራችህ የማትነሳው አንተ ትዝ አልኸኝና ሳቅሁ። ከዚያ እማዬ ራሷ መብራቱን አብርታ ስትጠብቀኝ ትዝ አለችኝና መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ከሥራ ስገባ የሚጠብቀኝ የለም። ቆልፌው የወጣሁትን በር ራሴ ከፍቼ፣ መብራት አብርቼ፣ ማሞቂያው እስኪሞቅ ኮቴን እንደለበስሁ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ እሑድን ሙሉ ድምፄን ሳልሰማው ይመሻል። ለእኔ ተብሎ ገርበብ የሚል በር ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው፤ እሱን ነው በገዛ አፌ ይዘጋ ያልሁት። የተናደድሁትም በእማዬ አልነበረም። ወደ እናንተ ልመጣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ተከልክዬ ነበር፤ ይህንን ልነግራችሁ አፍሬ ነው።

እባክህ፣ ጫማውን አንስተኸው ከሆነ ዛሬውኑ መልስላት። ለሰው ሰጥተኸው ከሆነም ለምነህ አምጣው፤ የግራው ማሰሪያ በጥቁር ክር የተሰፋ ነው፣ በሌላ አታታልላትም። የወይዘሮ ቶሎ በሉ ኮምፒውተር በሳምንቱ ለመዳት። እማዬ ግን ይህን ረስታ ሌላ የምትለምድበት ዕድሜ ላይ አይደለችም። ዘንድሮ እንደማልመጣ እውነቱን ንገራት። ሰምታም በሩን መክፈት ከፈለገች ተዋት።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ከላዬ አላወልቀውም። ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውንም ሳልረሳ ሰላም ብያለሁ። እማዬን ደግሞ ጉልበቷን ሳምልኝና፣ ማታ ማታ በሩን ልትከፍት ስትወጣ ብርድ እንዳይመታት ደርባ ትውጣ በላት።

ታናሽ እህትህ
ከጥገና ክፍሉ፣ በምሳ ሰዓት
የካቲት 5 ቀን