የአባዬ ባቡር በአዲሱ ማሽን

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጥቁር። የአባዬን ባቡር ስከፍታት ስክሪኑ ለአፍታ ብልጭ ይልና ድርግም ብሎ ይጠፋል። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። አሥራ አንደኛውን የሞከርኩት በንዴት ነው፤ እሱም ያው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ እኔው ራሴ አልረዳውም። አሮጌው ኮምፒውተራችን በክረምቱ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተቃጠለ። ሃርድ ዲስኩ ግን ተርፏል፣ ተመስገን። ዛሬ የአክስቴ ልጅ አልሠራበትም ብሎ የሰጠኝን ማሽን ቤት አመጣሁ። አዲስ የሚባል ነው፤ ሥዕል የሚያወጣ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ማራገቢያው ሲዞር ቀይ መብራት ያበራል። እንዲህ ያለ ጉልቤ አንዲት ሚጢጢ የባቡር ጨዋታ መክፈት ያቅተዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ጨዋታዋ ምንም የላትም። ባቡር ተራራ ትወጣለች፣ ሐዲዱ መንታ በሆነበት ሁሉ በቀስት ቁልፎቹ ግራ ወይ ቀኝ ትመርጫለሽ፣ ከተሳሳትሽ ገደል። በቃ። አባዬ ግን ኮምፒውተር የለመደው በሷ ነው። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ ታይፕራይተሩን ወስደው ኮምፒውተር አስቀመጡለት። ጣቶቹ እምቢ ሲሉት አንድ ባልደረባው ይህችን ጨዋታ ጫነለትና እየተጫወቱ ይልመዱ አለው። ለመደ። ጡረታ ሲወጣም በሲዲ ይዟት ወጣ።

አሁን ችግሩ ቀኝ እጁ ነው። ሐምሌ ላይ ስትሮክ ከመታው ወዲህ እግሩ ተሻለው፣ ንግግሩም ተመለሰ፣ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን እንደተጨበጡ ቀሩ። የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ እንዲጨምቃት ለስላሳ ኳስ ሰጥታው ነበር። የልጅ ሥራ ነው ብሎ ናቃት፤ ኳሷ ሶፋ ሥር ናት። ጣቶቹ ካልተንቀሳቀሱ እየደረቁ እንደሚሄዱ ሐኪሟ ነግራኛለች። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው።

ባለፈው እሁድ ታዲያ ከምንም ተነስቶ «ያቺ ባቡር አለች?» አለኝ። አለች አልኩት። «ያኔ ጣቶቼን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። እስቲ ደግማ ታስተምራቸው።»

ከሐምሌ ወዲህ አንድ ነገር ሲፈልግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ማሽኑን ገጠምኩ፣ የተረፈውን ዲስክ ሰካሁበት፣ እንደ ቤታችን ደንብ ቀኑን አስተካከልኩለት፣ ማውዙን ለደህናው እጁ እንዲመች በግራ በኩል አደረግኩለት። ባቡሯ ግን ጥቁር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ሱቄ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ናት፤ የባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ዘጋሁና በእግሬ ወደ አብነት ሰፈር ወረድኩ፣ ከድር ጋ። ከድር ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የሱቄን ፕሪንተር ሦስት ጊዜ ከሞት አስነስቷል። አንድ ጥፋት ቢኖርበት እትዬ ሰናይት ማለቱ ነው። ገና አርባ አንድ ዓመቴን ነው የያዝኩት ብለው አይሰማም።

ነገሩን ስነግረው አልተገረመም።

«ጨዋታዋ ሽማግሌ ናት፣ ካርዱ ደግሞ የዛሬ ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ግን አይግባቡም» አለኝ። መፍትሔው አስተርጓሚ ነው። ከጨዋታዋ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ፋይል አለች፤ ጨዋታዋ በድሮው ቋንቋ የምትለውን እየሰማች ለካርዱ በዛሬው ትነግረዋለች። ይሄ ለኔ ወዲያው ገባኝ። ችሎት ላይ አማርኛ የማይችል ምስክር ሲቀርብ አስተርጓሚ ይመጣለታል እንጂ ተበላሽተሃል አይባልም።

ፋይሏን በፍላሽ ሰጠኝ። አስተርጓሚዋ እንድትሠራ ግን ማሽኑ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ አዲሱ መሆን አለበት። እሱን ከኢንተርኔት አውርጂ አለኝ። ስንት ነው ስለው እንዳልሰማ ሆነ። አላህ ይስጠው፣ እግዚአብሔርም ይጨምርበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

አይወርድም። ድራይቨሩ ያለበትን ገጽ ስከፍት ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል። ሌላ ገጽ ስከፍት ያው። ዜና እንኳ እምቢ አለኝ። በስልኬ፣ በዚያው ዋይፋይ፣ ሁሉም ይከፈታል።

የጠረጠርኳቸው በየተራ፦ ኔትወርኩ። የአክስቴ ልጅ (ቫይረስ አስታቅፎኝ ይሆናል)። ካርዱ። መብራቱ። በመጨረሻ እኔ።

አባዬ ከሶፋው ሆኖ በየአሥር ደቂቃው «ተነሳች?» ይላል። በአምስተኛው ላይ ጮህኩበት። ቆይቶ፣ እኔን ላለማስቀየም ይመስላል፣ ስለ መዝገብ ቤት ያወራ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ስሠራ መዝገብ ጠፍቶ አያውቅም አለኝ፤ ጠፋ የሚባለው ያለቦታው ሲገባ ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ አይዞሽ።

የጮህኩበት እኔ፣ ያጽናናኝ እሱ። ማረኝ አባቴ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ጠዋት ከድር ድራይቨሩን በራሱ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ሰጠኝ። እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። መብራት የለም።

አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ድራይቨሩን ልጭን ስል ማሽኑ አልቀበልም አለ። ፊርማው ልክ አይደለም ይላል። የምን ፊርማ? ስፈርምና ሳስፈርም ነው የምውለው፣ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ከድር ጋ ደወልኩ። ነገ ከምሳ በፊት መጥቼ አያለሁ አለኝ። በዕረፍት ቀኑ።

እሁድ፣ ኅዳር 28

የዛሬውን ስጽፍ ራሴን እየታዘብኩ ነው።

ከድር መጣ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ስክሪኑን አንድ ደቂቃ ያህል አየ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረ።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ኅዳር ሃያ ስምንት።»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነዋ» አለ አባዬ፣ ይሄ ልጅ ጤና የለውም እንዴ በሚል ዓይን።

ከድር ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። የማሽኑ ቀን እንደ እኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው፤ ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ሄዶ ተቀምጧል። ሠሪዎቹ ድራይቨሩን የፈረሙት በቅርቡ ስለሆነ ለሱ ገና ያልመጣ ፊርማ ነው። ኢንተርኔቱም እምቢ ያለው በዚሁ ነው። ገጾቹ የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት ገና ወደፊት የሚወጣ መስሎታል።

የሞላሁት እኔ ነኝ። ራሱ እንዳይመልሰውም ዘግቼበት ነበር። አሮጌው ማሽናችን ኢንተርኔት አይቶ ስለማያውቅ ዕድሜውን ሙሉ በእኛ ቀን ኖሯል። አባዬ የተሳሳተ ቀን የተጻፈበት ነገር ፊቱ እንዲቀመጥ አይወድም፤ የመዝገብ ቤት ሰው ነው። ወር በገባ በአንድ፣ ቁርሱን ሳይበላ፣ ቀኑን ያስተካክላል። የማሽኑ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ስለሌለው የጥቅምት መጨረሻ ላይ ይጣላሉ። ጳጉሜን ሲመጣማ ጭራሽ አይከፍተውም ነበር። እኔም በዚህ ነው ያደግኩት። አራት ቀን ሙሉ ቀኑ ያለበትን የስክሪን ጥግ እያየሁ ምንም አልጠረጠርኩም፣ ምክንያቱም ቀኑ ልክ ነበር።

ያለቦታው የገባ መዝገብ።

ከድር ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለሰው። ድራይቨሩ ያለምንም ጥያቄ ገባ። ባቡሯን ከፈተ። መጣች! ተራራው አረንጓዴ፣ ጭሱ ነጭ፣ ፊሽካዋ ሳይቀር። አባዬ ወንበሩን ሳበ። ጣቱን ቁልፉ ላይ ሳያደርስ ባቡሯ ተወርውራ ገደል ገባች። ደገመ፣ ገደል። ስምንት ጊዜ። አዲሱ ካርድ ያለ ልክ ያስሮጣታል።

«ተዪው ልጄ» አለኝ። «ይህቺ የኔ ባቡር አይደለችም። የኔዋ ትጠብቀኝ ነበር።»

ተነስቶ በረንዳ ወጣ። ከድር እንዳልሰማ ሆኖ ኬብሎቹን ያስተካክል ጀመር፤ ቀኑን እንዳትነኩት፣ የፍጥነቱን ጉዳይ ጠይቄ እደውላለሁ አለኝ። ጾም መሆኑ በጀ፣ ሽሮውን ሦስታችንም አብረን በላን። አባዬ ግን ወደ ባቡሯ አልመለስ አለን።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

በአንድ ማመልከቻ ላይ የከሳሽንና የተከሳሽን ስም አቀያየርኩ። ባለጉዳዩ ባያየው ኖሮ ራሱን ከስሶ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ከድር ደወለ። ከአስተርጓሚዋ ጋር አንድ የማስተካከያ ገጽ አለ፤ እዚያ ላይ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንድታሳይ ይጻፋል። ሠላሳ በይው፣ ከፈጠነ ቀንሺ አለኝ። ምሳ ሰዓት ቤት ሄድኩ። ሠላሳ አልኩት፣ አሁንም ትቸኩላለች። ሃያ አምስት። ሃያ ላይ ስደርስ ባቡሯ እንደ ድሮዋ እየተነፈሰች መውጣት ጀመረች።

አባዬን ና ብለው አልመጣም። እኔም ብቻዬን መጫወት ያዝኩ፣ ሆን ብዬ እየተሳሳትኩ። መጀመሪያ ስወድቅ ከሶፋው አንገቱን አሰገገ። ሁለተኛ ስወድቅ «ግራ ነበር» አለ። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቱ አለቀና ተነስቶ መጣ።

ሁለት ጣቢያ አለፈ። በግራ እጁ። ቀኙ ጭኑ ላይ ነበር። በቀኝህ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ብቻ ሲጫወት ትከሻው ሲላላ አየሁ፤ ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ አይቼው አላውቅም። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ነው። ተመስገን ማለት እንኳ ረሳሁ፣ ይኸው አሁን እላለሁ።

ቀኑን እንዳይነካ ነግሬዋለሁ። በቤቴ በፈረንጅ ቀን ልኑር? ብሎ አጉረመረመ። እርቅ ይሆን ብዬ የግድግዳውን ካሌንደር ነቅዬ ከስክሪኑ አጠገብ ሰቀልኩለት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ቀጠሮ። ሐኪሟ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ሌባ ጣቱ ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ አለ አለች፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ናቸው። አባዬ ስለ ባቡሯ ነገራት፣ ፊቱ በርቶ። በየትኛው እጅዎ ነው የሚጫወቱት ስትለው አልዋሸም፣ በግራ አላት።

«እንግዲህ አባቴ» አለችው፣ «ግራዎ ምን ጎደለበት? ባቡሯን ለቀኝዎ ይስጡ።»

ቤት ስንደርስ ተጫወተ፣ በግራ። አራት ጣቢያ።

እኔ ደግሞ ይኸው ፈራሁ። ይህን ሁሉ የደከምነው ለጤነኛው እጅ መጫወቻ ለመስጠት ነበር? ከድርን ያስቸገርኩት ለዚህ ነው? አላውቅም። ደስ ብሎታል፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ጣቶቹ አይጠብቁንም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ዛሬ ልደታ ናት። ማልጄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ብዙ አልለመንኩም፤ አንዲት ጣት ብዬ ነው የለመንኩት። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ጠበል ላደርስለት ወደ ቤት ተመለስኩ።

አባዬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ሻዩን በግራ እጁ ይዟል። ዓይኔ በቀጥታ የሄደው ወደ ስክሪኑ ጥግ ነው። 1/4/2018።

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ልፋት! ከድር እንዳትነኩት ብሎ፣ እኔ ነግሬው፣ ካሌንደር ሰቅዬለት።

«አባዬ፣ ቀኑን ነካኸው?»

«ዛሬ አንድ ነው» አለኝ። «ወር ሲገባ ማን ነው ቀን የሚያስተካክለው?»

ልጮህ አፌን ስከፍት ማውዙን አየሁት። በስተቀኝ ነው ያለው። እኔ ያስቀመጥኩት በግራ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ከሱ በቀር ማንም አልነበረም።

«በየትኛው እጅህ ነው ያስተካከልከው?»

ቀኝ እጁን አያት፣ ማውዙ ላይ እንዳለች። ሁለት ጣቶቹ ተዘርግተዋል። እሱም ገና ያኔ ያያት መሰለኝ።

«ግራው ሻይ ይዞ ነበር» አለ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደፈጀበት በኋላ ነገረኝ። ከቤት ስወጣ ጀምሮ ስመለስ ነው የጨረሰው፤ ሻዩም ቀዝቅዟል። ቢበሳጭም አልተወውም፤ ቀኑ ተሳስቶ እንዴት ይተወዋል። ጠበሉን እጁ ላይ አፈሰስኩለትና እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። ሱቁን ዛሬ በአራት ሰዓት ነው የከፈትኩት።

ከድር ጋ ደውዬ ስነግረው ስለ ጣቶቹ አልሐምዱሊላህ አለ፣ ስለ ቀኑ ሳቀ። ድራይቨሩ አንዴ ከገባ ገባ ነው፣ ምናልባት ይሠራል፣ ካልሠራም እመጣለሁ አለኝ። እየፈራሁ ባቡሯን ከፈትኳት። ፊሽካዋን ነፍታ ተነሳች። አባዬ ቀኙን ቀስቶቹ ላይ አደረገ። መጀመሪያው መንታ ላይ ዘገየና ገደል ገባች። እንደገና ጀመረ።

ነገ ምን እንደምትል አላውቅም፤ ኢንተርኔቱም መልሶ ተዘግቷል። ቀኑን ግን አልነካሁትም። ደግሞም ልክ ነው፣ ዛሬ ታኅሣሥ አንድ ነው።