ሃያ ስድስቱን ልጆች አላሰናብትም ያሉት መምህርት
የወይዘሮ ለተሚካኤል ሐድጉ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ለተሚካኤል ሐድጉ ከአባታቸው ከአቶ ሐድጉ ተስፋንኪኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ፍሥሓ፣ ከአስመራ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የሐማሴን መንደር ውስጥ ኅዳር 12 ቀን 1883 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነበርና ስማቸው ከዚያ ወጣላቸው። አባታቸው ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ ነበሩ። ከልጆቼ አንዷን እንኳ ፊደል ሳላስቆጥር አልቀርም ብለው በሰባት ዓመታቸው በአቅራቢያቸው ወደነበረ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ላኳቸው። እዚያም ስምንት ዓመት ያህል ተቀምጠው ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብና የእጅ ሥራ ተማሩ።

በ1899 ዓ.ም. አባታቸው አዲስ አበባ ላይ የድንጋይ ቤት የሚሠራ ሰው ይፈለጋል መባሉን ሰምተው ቤተሰባቸውን ይዘው መጡ፤ ከአራዳ ገበያ በታች ሠራተኛ ሰፈር ገቡ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ለተሚካኤል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ፤ አማርኛ በቅጡ አያውቁም ነበር። በመጡ በሳምንቱ ከጎረቤት ውሃ ሊለምኑ ሄደው ቃሉ ጠፋቸውና በትግርኛ “ማይ” ቢሉ፣ በደጅ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁባቸው። ባዶ እንስራቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ለሦስት ቀንም ከግቢ አልወጡም። ይህን ነገር ለእኛ ለልጆቻቸው ሲያጫውቱን እየሳቁ ነበር፤ ነገር ግን ስንት ሴቶች እንደነበሩና ማን የት ተቀምጣ እንደነበር አንድም ሳይስቱ ይነግሩን ነበር።

ጥር 1902 ዓ.ም. በፖስታ ቤት ጸሐፊ ከነበሩት ከአቶ ገነነ ወልደ ሰንበት ጋር በተክሊል ተጋቡ። እኔ አስካለ በ1903፣ ወንድሜ ወርቅአፈራሁ በ1906 ዓ.ም. ተወለድን። አባታችን ሲመሽ ከሥራ ገብተው እናታችንን የአማርኛ ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተምሯቸው ነበር። አባታችን ግን በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ በአራት ቀን ውስጥ ተለዩን። እናታችንም ያን ጊዜ ታመው ስለነበር ባላቸውን ቆመው አልቀበሩም።

ከበሽታው ካገገሙ በኋላ፣ እናት አባት የሞቱባቸውን የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው በቤታቸው ማስተማር ጀመሩ። በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ውስጥ በዚያች ባለ አንድ ክፍል ቤት ከሠላሳ የሚበልጡ ልጆች ንባብ ለይተዋል። ከእነሱ መካከል አንዷ እኔ ነበርሁ። እናቴ ናቸው ብዬ ተማምኜ ማባዛትን ሳልለምድ ብቀር፣ እኩዮቼ ሲያልፉ እኔን አንድ ዓመት አስደገሙኝ። አልቅሼ ብለምናቸውም “ለአንቺ ካዳላሁ የሰው ልጅ ምን ብዬ ነው የማስደግመው?” አሉኝ።

በ1917 ዓ.ም. በጊዮርጊስ አቅራቢያ በመንግሥት ወጪ የቀን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የሴት ልጆችን ክፍል እንዲያስተምሩ ተጠሩ። የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የተሠራው በዚያ ነው።

አራዳ በየዓመቱ ትለዋወጥ እንደነበር ሁላችንም የምናውቀው ነው። ባቡሩ ሰው ያመጣል፣ ገበያው ሰው ይጠራል። መጀመሪያ በክፍሉ የነበሩት የመኳንንትና የጸሐፊዎች ልጆች ነበሩ። በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ግን የወሎ እስላም ነጋዴዎች ልጆች፣ የጉራጌ ልጆች፣ ከዳር አገር የመጡ የኦሮሞ ልጆች፣ የሸማኔና የቀጥቃጭ ልጆች ገቡ። ክፍሉ ሞላ፤ ትምህርቱ ግን እንደ ዱሮው ቀጠለ። ሰኔ 1921 ዓ.ም. በተደረገው የዓመቱ ፈተና ከአርባ ሦስት ልጆች ሃያ ስድስቱ ወደቁ።

የትምህርት ቤቱ ሹም አቶ ከተማ ሀብቴ ቅን ሰው ናቸው፤ ዛሬም ከመካከላችን ስላሉ ይህን ስጽፍ አስፈቅጄአቸዋለሁ። ያን ዕለት ግን መምህራኑን ሰብስበው፣ የወደቁት ልጆች ተሰናብተው ቦታው በደጅ ለሚጠብቁ ልጆች ይሰጥ ብለው ወሰኑ።

“ወይዘሮ ለተሚካኤል፣ እነዚህ ልጆች እኮ የሚጠየቁትን እንኳ አይሰሙም” አሏቸው።

“እኔም አዲስ አበባ ስገባ የሚሉኝን አልሰማም ነበር” ብለው መለሱ። “አንድ ዓመት ይስጡኝ። በመጪው ሰኔ እንዲሁ ከሆኑ ሃያ ሰባተኛዋ ተሰናባች እኔ ነኝ።”

አቶ ከተማም ነገሩን በወረቀት ጽፈው እንዲፈርሙበት ጠየቋቸው። ፈረሙ። ደመወዛቸው የእኛ መተዳደሪያ ስለነበረ እኔና ወንድሜ እጅግ ደነገጥን።

ያን ክረምት አላረፉም። በዝናቡና በጭቃው ከሠራተኛ ሰፈር እስከ አራት ኪሎ፣ ከገበያው ጀርባ እስከ ወንዙ ዳር፣ የሃያ ስድስቱንም ልጆች ቤት አንድ በአንድ ሄዱ። በአንድ ደብተር ላይ ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ገጽ ለይተው፣ ከቤተሰቦቿ የሰሙትንና በዓይናቸው ያዩትን ጻፉ። አራቱ ልጆች ሰሌዳው ከሩቅ አይታያቸውም። ዘጠኙ በቤታቸው አማርኛ ተናግረው አያውቁም። ሌሎች ደግሞ በገበያ ቀን ከእናታቸው ጋር ሱቅ ስለሚቀመጡ ሳምንቱን አሟልተው አይማሩም።

ከሁሉ ያስገረማቸው በአቡጀዲ ነጋዴው በሐጂ ቡሽራ ኡመር ቤት ያዩት ነው። የሐጂ ልጅ ነሲባ በክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ስላልወጣት ፈዛዛ ተብላ ነበር። እናታችን ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን የልጅ ድምፅ ሲያነበንብ ሰሙ። ነሲባ ከአባቷ ፊት ተቀምጣ ቁርኣን በቃሏ ትወጣለች። ቆመው አዳመጡ። ስትጨርስ እናቷን ወይዘሮ ዘነቡን “ይህን ሁሉ በስንት ጊዜ ያዘችው?” አሏቸው።

“ይኸው በሁለት ዓመት ነው። እንዴት፣ እናንተ ዘንድ ጎበዝ አይደለችም እንዴ?”

በዚያ ዕለት በነሲባ ገጽ ላይ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ “ድምፅ አላት። እኛ ነን ያላሰማናት።”

መስከረም ሲጠባ ክፍሉን ለወጡት። ዓይናቸው የሚደክመውን ፊት አስቀመጡ። በገበያ ቀን ለሚቀሩት ቅዳሜ ጧት ክፍሉን ከፈቱ። መጽሐፍ ስላልነበረ ሐጂ ቡሽራ በሰጧቸው አቡጀዲ ላይ ፊደሉንና ንባቡን በትልልቁ ጻፉ፤ በማተሚያ ቤት ተቀጥሮ የነበረው ወንድሜም የተረፈ ወረቀት እየለመነ የንባብ ገጽ ያትምላቸው ነበር። አዲስ ትምህርት ሲጀምሩ ልጆቹ ነገሩን በቅድሚያ በየቤታቸው ቋንቋ እንዲነጋገሩበት አደረጉ። ጉራጊኛና ኦሮምኛ የሚያውቁ እናቶችን በየተራ ወደ ክፍል ጋበዙ። እኔም ረዳት ሆኜ ስገባ ክፍሉ እንደ ገበያ ይንጫጫል። እሳቸው በመካከል ቆመው ደስ ይላቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ያለ ጠብ አልሆነም። ከክርስቲያን ወላጆች አንዳንዶቹ ልጆቻችን ክፍል ከሚገቡት የእስላም እናቶች ጋር ለምን ይውላሉ ብለው ተቆጡ፤ ሁለት ልጆችም ከትምህርት ቤት ወጡ። እናታችን ወደ ሁለቱም ቤት ሄደው “እኔ ያስገባሁት የእናት ምላስ እንጂ ሃይማኖት አይደለም። የፈለጋችሁ ቀን መጥታችሁ ቁጭ በሉና ስሙ” አሉ። አንደኛዋ እናት እውነትም መጥተው ሦስት ቀን ተቀመጡ። ከፋሲካ በኋላ ሁለቱም ልጆች ተመለሱ።

እናታችን ስሕተት አልነበረባቸውም ብዬ ብጽፍ እሳቸው ራሳቸው አይወዱልኝም። ታኅሣሥ ወር ላይ ከሃያ ስድስቱ አንዷ የሆነች ዐፊፋ የምትባል ልጅ አዘውትራ ብታረፍድ፣ ከክፍሉ ፊት አቁመው ወቀሷት። ልጅቱ በማግሥቱ ቀረች። በአራተኛው ቀን ቤቷ ሲሄዱ ቤቱ ተዘግቷል። እናቷ ታማ እሷ ስታስታምም እንደቆየችና ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ ደሴ እንደወሰዷቸው ጎረቤት ነገራቸው። እናታችን ከደጃፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ወደ ደሴ በሚሄድ ነጋዴ ሁሉ እጅ ይቅርታ ላኩ፤ መልስ አላገኙም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲያረፍድ “ምን ሆነሽ ነው?” ሳይሉ ተቆጥተው አያውቁም።

ሰኔ 1922 ዓ.ም. ከውጭ የመጡ ፈታኝ ልጆቹን ፈተኑ። ከቀሩት ሃያ አምስት ልጆች ሃያ ሁለቱ አለፉ። ፈታኙ ግን ውጤቱን አላመኑም። አምና የወደቀ ዘንድሮ እንዲህ አይነሣም፣ ጥያቄው አስቀድሞ ወጥቷል ወይም ልጆቹ ገጹን በቃላቸው ሸምድደዋል ብለው፣ በማግሥቱ በአቶ ከተማ ፊት እንደገና እንደሚፈትኑ አስታወቁ። እናታችን ያን ዕለት ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ ለልጆቹ ግን “ነገ ደግሞ እንግዳ አለብን፤ ያወቃችሁትን ታሳያላችሁ” ብቻ አሏቸው።

በማግሥቱ መጀመሪያ የተጠራችው ነሲባ ናት። ፈታኙ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በየአደባባዩ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ነበር፤ ማንም ልጅ ሊያጠናው አይችልም። ነሲባ ተቀበለችው። ወረቀቱን ዘርግታ ቆየች። ፈታኙም ወደ አቶ ከተማ ዞር ብለው እንደ መሣቅ አሉ። እናታችን ከግድግዳው ጥግ ሆነው ይመለከቱ ነበር።

ነሲባ ግን ወረቀቱን እስከ መጨረሻው በዓይኗ እያየችው ኖሯል። ቀና ብላ፣ በዚያ ቁርኣን በምትወጣበት ድምፅ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

“ምን ማለት ነው?” አሏት ፈታኙ።

“ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ቀን ቀን ውሻውን አስሮ ያውል ማለት ነው።” ቆም አለችና “እርስዎም ውሻ ካለዎት ማሰር አለብዎት ማለት ነው” ብላ ጨመረች።

ልጆቹ ሳቁ፤ አቶ ከተማም ሳቁ፤ በመጨረሻ ፈታኙም ራሳቸው ሳቁ። የቀሩት ልጆች እስከ ቀትር ተፈተኑ፤ ሃያ ሁለቱም ዳግመኛ አለፉ። አቶ ከተማም ያቺን ፊርማ ያለባትን ወረቀት በሁሉ ፊት ቀደው “የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አሉ። የወደቁትን ሦስቱን ልጆች ምን እናድርግ ሲባል እናታችን “የእኔ ናቸው፤ ገና አልጨረስንም” አሉ። እነሱም በዓመቱ አለፉ።

ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ ለጀማሪ ክፍሎች መምህራን ሁሉ ኃላፊ ሆነው ሰባት መምህራንን አሠለጠኑ። አዲስ መምህር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጡት ጠመኔ ሳይሆን ባዶ ደብተር ነበር፤ የልጆቹን ቤት ሳያይ እንዳያስተምር ይከለክሉታል። ነሲባ ቡሽራ ከአምና ጀምሮ በዚያው ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ታስተምራለች።

ወይዘሮ ለተሚካኤል ቁጣቸው ፈጣን፣ ሳቃቸው ከቁጣቸው የፈጠነ ነበር። ነጠላቸው ዘወትር በጠመኔ ስለሚነጣ ቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ለይተው ያስቀምጡ ነበር። እኔ ልጅ ስወልድ በሦስተኛው ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ሕፃኑን አቅፈው ስለ ተማሪዎቻቸው ሲያወሩ ዋሉ። ያን ዕለት አኩርፌአቸው ነበር። ዛሬ አላኮርፍም።

ባለፈው የካቲት ሳል ጀመራቸው። ሐኪም ሳንባቸው እንደተጎዳ ነግሮ እንዲያርፉ ቢያዝዝም፣ አቅም እስኪያጡ ድረስ እየተደገፉ ክፍል ይገቡ ነበር። በኋላም አልጋ ላይ ሲውሉ ነሲባና ሌሎቹ መምህራን በየቀኑ እየመጡ የልጆቹን ነገር ያወሯቸው ነበር። በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ሚያዝያ 14 ቀን 1927 ዓ.ም. ጧት በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሁለት ልጆቻቸው፣ ከአንድ የልጅ ልጃቸውና ሐማሴን ካሉት ታናሽ እኅታቸው ሌላ፣ ቁጥራቸውን በትክክል የማናውቀው ተማሪዎቻቸው ቀርተዋል።

ቀብሩ ለምን በጧት አልሆነም ብላችሁ ለጠየቃችሁን መልሱ ይህ ነው። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አቶ ከተማን አስጠርተው “የምቀበርበት ቀን ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ። አንድ ቀን የቀረች ልጅ ለመመለስ ምን ያህል እንደምትቸገር እርስዎም ያውቃሉ” አሏቸው። አቶ ከተማም ቃላቸውን ጠብቀው ዛሬ ጧት ደወሉን አስደወሉ። ልጆቹ ንባባቸውን ጨርሰው ነው የመጡት። ክርስቲያኖቹ እዚህ አጠገባችን ናቸው፤ እስላሞቹ ከነወላጆቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመዋል። ይህ ጽሑፍ ለእነሱም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤዋለሁ።

ቸሩ አምላክ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያግባልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።